ስለ አንዲት በርጩማና ስለ እትዬ ሰኪና የሥራ መደብ

ለጓድ አምደሚካኤል
የሥራ ጥናትና ምደባ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.
ቦሌ፣ ጎሕ ላውንደሪ፣ የግድግዳ ጋዜጣ፣ «ሂስና ግለ ሂስ» ዓምድ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? በተለይ ወገብዎ እንዴት ሰነበተልን? ልክ የዛሬ ዓመት በዚሁ በኅዳር ወር የሥራ ጥናት ለማካሄድ ወደ ላውንደሪያችን ጎራ ብለው አርባ ደቂቃ ሙሉ በእግርዎ ከቆሙ በኋላ፣ ወገብዎን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ መኪናዎ ሲገቡ ስላየን ነገሩ ከልባችን አልወጣም። በቀን ስምንት ሰዓት የምንቆም ሰዎች ነንና ለእኛ ስለ ወገብ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኮሚቴው አባላት፣ እንዲሁም ያቺ ሴኮንድ የምትቆጥረው ሰዓትዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከሦስት ጣት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ገብረሰንበት እባላለሁ፤ በዚሁ ላውንደሪ በማሽን ጥገና ከተቀጠርሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ደብዳቤ እንደ ደንቡ በፖስታ አሽጌ ብልክልዎ በወደድሁ ነበር። ሆኖም ቀደም ሲል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከመዝገብ ቤትዎ ገብተው እስካሁን ስላልወጡ፣ ሦስተኛ ጨምሬ ማረፊያቸውን ማጣበብ ነውር መስሎ ታየኝ። የግድግዳ ጋዜጣችን ደግሞ ከአናቱ በቀይ ቀለም እንደተጻፈው ሠራተኛው «ሳይፈራና ሳያፍር» ሂሱን እንዲያቀርብ ይጋብዛል፤ የተጋበዘ ሰው ሲቀር ባለቤቱ ይቀየማል። እርስዎም በመጡ ጊዜ ከዚህ ሰሌዳ ፊት ቆም ብለው አንብበዋል፤ ከጽሑፉ ይዘት ይልቅ የፊደሉን ውበት አድንቀው «ይህን የጻፈ እጅ ይባረክ» ማለትዎን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዛሬው ፊደል ጎበጥ ጠመም ስላለ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምክንያቱን ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታል።

ኮሚቴዎ የመጣበት ዓላማ እጅግ የተቀደሰ ነበር። እንደተነገረን እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ በቦታው ተገኝታችሁ ታጠናላችሁ፤ ከዚያም በጥናቱ መሠረት ማን ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገው፣ ማንስ ምን ያህል ሊከፈለው እንደሚገባ ይወሰናል። ይህ ሲነገረን ያጨበጨብነው ታዘን አልነበረም። እንዲያ የሚባል ጭብጨባ በዚህ ግቢ እንደሌለ ቢታወቅም፣ ያን ቀን ያጨበጨብነው በተለይ ከልባችን ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀን እናንተ የመጀመሪያዎቹ ነበራችሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጥናቱ ቀን አመሰግናለሁ። ከመምጣታችሁ በፊት በነበረው ቀን ሥራ አስኪያጃችን እንፋሎቱ የኮሚቴውን ፋይል እንዳያረጥብ፣ ጩኸቱም ጥያቄና መልሱን እንዳያውክ በማሰብ ማጠቢያዎቹ በሙሉ እንዲቆሙ አዘዙ። ወለሉ ታጠበ፤ ሴቶቹ የበዓል ጋውናቸውን ለበሱ፤ ለስላሳና ቆሎ ቀረበ። ኮሚቴው በዚህ ዓይነት አንድን ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ በማይታጠብበት ሰዓት ለማጥናት በቃ። ሰዓትዎ አርባ ደቂቃ ስትቆጥር በጆሯችን ሰማናት፤ ምን እንደቆጠረች ግን እስከ ዛሬ አልደረስንበትም።

የሚሽከረከር ነገር ጨርሶ ባይኖር ደግሞ ለእንግዳ አያምርም ተብሎ ሩሎው ብቻ ቀስ ብሎ እንዲዞር ተደረገ። ሩሎ የምንለው ከቦሌ ሆቴሎች የሚመጣውን አንሶላ በሁለት የጋሉ ተሽከርካሪ ብረቶች መሀል እያሳለፈ የሚተኩሰውን ማሽን ነው። አንዲት ሴት ከፊት ሆና አንሶላውን ታጎርሰዋለች፤ ሌላዋ ከኋላ ተተኩሶ ሲወጣ ትቀበላለች። ሩሎው የጎረሰውን ሁሉ ይተኩሳል፤ አንሶላና እጅ ለይቶ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ስለ እትዬ ሰኪና አመሰግናለሁ። ምናልባት ስማቸውን ረስተውት ከሆነ፣ ከበርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸው የወሎ ሴት ናቸው። ድርጅቱ ሳይወረስ ጀምሮ ሩሎው ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆመዋል። በመደብ ስማቸው «አንሶላ አጉራሽ» ይባሉ እንጂ በተግባር የሩሎው ትምህርት ቤት እሳቸው ነበሩ። አዲስ ልጅ ስትመጣ አርባ ቀን ሙሉ ከኋላ ሆና ትቀበላለች እንጂ አንድም አንሶላ አታጎርስም፤ አርባው ቀን እንደ አራስ የሚቆጠር ነው፣ አይሸራረፍም። ጠዋት ጠዋት ጣቷ ላይ ቀለበት፣ አንጓዋ ላይ ክር አለመኖሩን ያያሉ፤ እጅጌዋን በገዛ እጃቸው ጠቅልለው ያስሩላታል። አንሶላው ሲጨማደድ ላስተካክል ብላ እጇን እንዳትሰድ «ተይው፤ አንሶላ ቢጨማደድ ዳግመኛ ይታጠባል፣ እጅ ግን ዳግመኛ አይገዛም» እያሉ ከጀርባዋ ይቆማሉ። በእሳቸው እጅ ሃያ ሦስት ሴቶች አልፈዋል፤ እሳቸው ሩሎው ላይ በነበሩበት ዘመን የአንዲቷም ጥፍር አልተለበለበም።

እንግዲህ እናንተ በበሩ ስትገቡ የሆነው ይህ ነው። በእኛ ዘንድ፣ በእርስዎም አገር እንደዚያው ይመስለኛል፣ ልጆች እያሉ ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት ቆሞ ሲለፋ ማየት ነውር ነው። ልጆቹ አንሶላውን ከእትዬ ሰኪና እጅ ነጠቁ፤ ከጥገና ክፍል በርጩማ መጣ፤ «ይቀመጡ በሞቴ» ተብለው ተቀመጡ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ያ መነጽር ያለው ትሑት ወጣት፣ ፎርሙን ዘርግቶ ሥራቸው ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደ ማንኛዋም ጨዋ የወሎ ሴት «ኧረ እኔ ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ልጆቹ ናቸው እንጂ የሚሠሩት። እኔማ ይኸው ቁጭ ብያለሁ» ብለው መለሱ።

የፎርሙን ግልባጭ ኋላ ሳገኘው እንዲህ ይላል፦ «የሥራው ዝርዝር፦ ምንም። ሥራው የሚከናወንበት ሁኔታ፦ በመቀመጥ። የመረጃው ምንጭ፦ የሠራተኛዋ ቃል።» አንድ ጊዜ አንብቤ ሳቅሁ፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እናትዎ ቤት እንግዳ መጥቶ እሳቸው «ኧረ ቤት ያፈራው ነው፣ ምንም የለም» ሲሉት፣ እውነት ነው ብሎ ጦሙን የተመለሰ ሰው ያውቃሉ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

በዚያው ዕለት አንድ ሌላ ነገር ነበር፣ በፎርሙ ላይ ግን አላገኘሁትም። እርስዎ ለስላሳውን ሲቀበሉ ኮትዎ ላይ ፈሰሰ። እነዚያው ምንም የማይሠሩት ሴት ከበርጩማቸው ሳይነሱ ኮቱን ተቀብለው፣ ጨርቁን በጣታቸው ዳብሰው የሚስማማውን ውኃና ሳሙና አስመጥተው፣ እርስዎ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጨርሱ እድፉን አጥፍተው መለሱልዎ። እርስዎም አመሰገኑ። ኮቱ እስካሁን ያገለግልዎ እንደሆነ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፦ ስለ ጓድ አባይ አመሰግናለሁ። ጓድ አባይ የምርት ቅስቀሳ ኃላፊያችን ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ሥራ ሲጠየቁ እንደ እትዬ ሰኪና አልተግደረደሩም። ፎርማቸው አራት ገጽ ሞላ፤ ያስተባብራሉ፣ ይከታተላሉ፣ ያቀናጃሉ፣ ያጠናክራሉ፣ የተጠናከረውንም መልሰው ይከታተላሉ። ከእነዚህ ግሦች መካከል በእጅ የሚነካ ነገር ፈልጌ ስልክ ብቻ አገኘሁ። ኮሚቴውም ስልኩ ጠረጴዛቸው ላይ መሆኑን አይቶ ለኃላፊነት የሚሰጠውን ነጥብ ሙሉውን ሰጣቸው፤ ሁለት ደረጃም ከፍ አሉ። እኔ አልቀናሁም፤ ስልኩ ሲበላሽ የምጠግነው እኔ ስለሆንሁ እንደሚደውል አውቃለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ነጥብ አሰጣጡ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታግሠው ይከተሉኝ። አንድ ሥራ በአደገኛነቱ መጠን ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቡም ክፍያውም ሥልጠናውም ይወሰናል። ይህ ፍትሐዊ ነው። ኮሚቴው ሩሎው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማወቅ የአደጋ መዝገብ አስመጥቶ ገለበጠ፤ በአሥራ አራት ዓመት አንድም አደጋ አልተመዘገበም። ስለዚህ ሩሎው አደጋ የለውም ተብሎ ዜሮ ተሰጠው። አደጋ ከሌለው የረጅም ጊዜ ሥልጠና አያሻውም፤ ሥልጠና ካላሻው አሠልጣኝ አያስፈልገውም። ቤቱ ስለማያፈስ ጣራው ይነሣ እንደማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የመደመርም የመቀነስም ስሕተት የለበትም፤ ከሰዓትዎ ጋር እየተመካከሩ እንደሠሩት ያስታውቃል።

አምስተኛ፦ ውጤቱ። ጓድ አባይ በሩሎ አሠራር ላይ ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ተላኩ። ሲመለሱ የጠጉር ቆብና በበረዶ መካከል የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳይተውናል፤ ቆቡ በጣም ያምራል። በያዝነው ዓመት መስከረም ወር የአርባው ቀን ልማድ «ኋላ ቀር አሠራር» ተብሎ ቀረና በእርሳቸው የግማሽ ቀን ገለጻ ተተካ። ገለጻውን ቁጭ ብዬ አዳምጫለሁ፤ ስለ ምርት ኃይሎች እድገት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ስለ እጅጌ ግን የተነሣ ነገር አልነበረም። እትዬ ሰኪና ደግሞ ሥራቸው መቀመጥ ስለሆነ፣ መቀመጥ ወደሚያስፈልግበት ቦታ ተዛወሩ። ደረጃቸው ተቀንሶ ከግቢው በር አጠገብ የጎብኚ ካርድ እንዲሰጡ ተመደቡ። በወር አራት ጎብኚ ቢመጣ ነው። ከእነርሱም አንደኛው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እሱም ካርድ አይወስድም።

አልተማረሩም። የሩሎው ልጆች በምሳ ሰዓት እየሄዱ እጃቸውን ሲያሳዩአቸው፣ ቀለበት ያላትን ያስወልቃሉ፣ እጅጌዋ የላላውን ያስራሉ። ግን ከበሩ እስከ ሩሎው ሰማንያ እርምጃ ነው፤ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ።

ጥቅምት 11 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አምለሰት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሩሎው ላይ ነበረች። በአዲሱ ምደባ ከመለያ ክፍል የተዛወረች ናት፤ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። አንሶላው ጠርዙ ላይ ተጨማደደባት፤ ደህና አድርጋ ልትሠራ ፈልጋ ቀኝ እጇን ሰደደች። በዚያ ሰዓት ከጀርባዋ «ተይው» የሚላት ሰው አልነበረም።

እኔ ከጓሮ የውኃ ፓምፕ ዘንድ ነበርሁ። ጓድ አባይ ሮጠው ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ ሸሹ እንዳይሉብኝ፣ የሥልጠና ደብተራቸውን አምጥተው ስለ ድንገተኛ አደጋ የሚናገረውን ገጽ እየፈለጉ ነበር። እትዬ ሰኪና ግን የሩሎው ድምፅ ሲታነቅ ከበሩ ሰምተው ሰማንያውን እርምጃ በነጠላ ጫማ ሮጠዋል። እኔ ስደርስ መብራቱን አጥፍተው፣ የእጅ መዘውሩን ወደ ኋላ አዙረው፣ የልጅቱን እጅ አውጥተው በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ንጹሕ አንሶላ ጠቅልለውላታል፤ ራሷንም ደረታቸው ላይ አስደግፈው «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ፣ አትዪው» ይሏታል። ሐኪሞቹ የተቻላቸውን አደረጉ። ሦስት ጣቶቿን ግን ማዳን አልቻሉም።

በማግስቱ ሁለት ወረቀቶች ወጡ። አንደኛው የአደጋውን መንስኤ «የሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ይለዋል። ሁለተኛው ለእትዬ ሰኪና የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሲሆን «የሥራ ገበታዎን ያለፈቃድ ለቀው በመሄድዎ» ይላል። ምንም ከማይሠራ ሰው ላይ የሚለቀቅ የሥራ ገበታ መገኘቱ ራሱ የጥናቱ ታላቅ ግኝት ነውና በዚህም እንኳን ደስ አለዎ። በአደጋ መዝገቡም አሁን አንድ መስመር ስለተጻፈ ሩሎው ነጥብ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ሦስት ጣት ስንት ነጥብ እንደሆነ ሰንጠረዡን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ዓምዱ «ሂስና ግለ ሂስ» ስለሚል እስካሁን የእርስዎን ብቻ ስናገር ቆይቼ የራሴን ብውጥ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያቺን በርጩማ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በእጄ የሠራኋት፣ ማሽን ስፈታ የምቀመጥባት ናት፤ በጋውኔ ጠርጌ እትዬ ሰኪናን እጃቸውን ይዤ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። «ኧረ እኔ ምን እሠራለሁ» ሲሉም የለስላሳውን ሣጥን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ልጁ ሲጽፍ አይቻለሁ። ምን እንደሚጽፍ ግን አልጠረጠርሁም፤ በልቤ «እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው» እያልሁ ፈገግ ብዬ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር፣ «እሳቸው ናቸው ሁላችንንም ያስተማሩን» ብል፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር። ያከበርኋቸው መስሎኝ ነበር። በዚህ አፍራለሁ፤ ከአምለሰት ፊት ስቆም የማየው መሬቱን ነው። የእኔ ጥፋት ግን በአንድ ፊርማ የሚታረም አይደለም፤ የእርስዎ ይታረማል። ስለዚህ ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነዎት።

የምለምነውም ብዙ አይደለም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላልና፣ እባክዎ ማሽኖቹ በሚሠሩበት በአንዱ ቀን፣ ሳይነግሩን፣ ያለ ቆሎና ያለ ለስላሳ ይምጡ። እትዬ ሰኪናን ስለ እትዬ ሰኪና አይጠይቋቸው፤ መልሱን ያውቁታል። ያስተማሯቸውን ሴቶች ይጠይቁ፣ እጆቻቸውንም ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ «የሥራው ዝርዝር» በሚለው መስመር ላይ «ታስተምራለች፣ ትጠብቃለች» ብለው ይጻፉ፤ ክፍያውም የተጻፈውን ይከተል። አርባውን ቀን ይመልሱልን። ይህን የምለው ለቁጣ ያህል ብቻ አይደለም፤ የፊታችን ሰኞ ሶሬቲና መኪያ የሚባሉ ሁለት አዲስ ልጆች ሩሎው ላይ ይጀምራሉ። ሶሬቲ ለእናቷ መታሰቢያ ከጣቷ የማታወልቀው የብር ቀለበት አላት። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አራት ቀን ቀርቶዎታል። ሰዓትዎ ይህን ያህል መቁጠር አያቅታትም።

ለጥናትዎ ጥልቀት፣ ለወገብዎ ጽናት፣ ለኮትዎም ንጽሕና ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽሁ፣ ይህን ደብዳቤ ቆመው ካነበቡት ስላደከምሁዎ፣ ተቀምጠው ካነበቡት ደግሞ ሥራ እንዳልሠሩ ስለሚቆጠርብዎ ስለ ሁለቱም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደኅንነትዎን ዘወትር የምመኝልዎ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ገብረሰንበት፣ ከጥገና ክፍል
የበርጩማዋ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ስለ ፊደሉ መጣመም ምክንያቱን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ከተመሠረተ ጀምሮ በእጇ የምትጽፈው አምለሰት ናት፤ ባለፈው ዓመት «ይህን የጻፈ እጅ ይባረክ» ብለው የመረቁት የእሷን ቀኝ እጅ ነው። የዛሬውን እኔ እየነገርኋት በግራ እጇ ጻፈችው፤ ስለ ራሷ የሚናገረው ቦታ ላይ ስንደርስ «እኔ ልተወው?» ብላት፣ «አይ፣ ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። የሰባት ቀን የምሳ ሰዓት ፈጅቶባታል። ለፎርምዎ ያስፈልግ እንደሆነ፣ የጻፈችው በዚያችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ነው፤ ስለዚህ «ምንም» ብለው ሊሞሉት ይችላሉ።